ሦስተኛው ሽምግልና

ታዲዮስ ወደ ጽናት ስፌት መኪና መጀመሪያ የመጣው የሱሪው ጉልበት ተቀዶ ነው። የእንስሳት ባለሙያ ሆኖ ቀየት በምትባል ትንሽ ከተማ ተመድቦ፣ በግ ሲከትብ አንድ ሙክት ጎትቶ ጥሎት ነበር። እስክትጠግንለት ጋቢ አገልድሞ ተቀመጠ። ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ሱሪው ይቀደድ ጀመር። ምን ዓይነት ሙክት ነው ቀን ቆጥሮ የሚጎትት?

በዓመቱ ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ። ይኼኔ ነው ያ ጉደኛ የመንግሥት ሥራውን ከነደመወዙ ትቶ፣ የራሴን ፊልም ልሠራ ነው ብሎ ካሜራ ተሸክሞ ብቅ ያለው። ጽናት ወሬውን የሰማችው ከጨው ሻጭ ነው።

አባቷ አቶ አፈወርቅም ሰምተው ኖሯል። ታዲዮስ የላካቸው አባ ገብረ አማኑኤልና ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ልጅዎን ለልጃችን ቢሏቸው፣ ጥላ ለሚያሳድድ የምሰጠው ልጅ የለኝም ብለው መለሷቸው። ጽናት ደግሞ ታዲዮስን ሦስት ሳምንት አላናገረችውም። የፊልሙን ልብስ ግን ሰፋችለት። እያኮረፉ መስፋት ክልክል አይደለም።

ፊልሙ ውስጥ ሽምግልና ነበረበት። ታዲዮስ ምን አደረገ? ወጉን ያውቁታል ብሎ እነዚያኑ ሦስት ሰዎች ጠራ። አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰው ከራቤል ከተማ ሲመጣ መኪና ተበላሽቶበት ቀረ። በዚህ መሐል አቶ አፈወርቅ ለልብሱ ብላ የመጣችውን ልጃቸውን ከዚያ ከንቱ የቀረጻ ቤት ሊወስዱ እየተቆጡ ደረሱ። አባ ገብረ አማኑኤል የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ እስቲ አንዴ በሰውየው ቦታ ቁጭ በልልን ሲሏቸው እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። የሚናገሩት አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ «ሰጥቻለሁ»።

ካሜራው ተከፈተ። ሽማግሌዎቹ ቆመው ለመኑ። አቶ አፈወርቅ ግን ሽማግሌ ፊት ሐሰት አልናገርም ብለው፣ ሥራ ለለቀቀ አልሰጥም አሉ። ታዲዮስ ላቡን ጠርጎ ይደገም አለ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ተመልሰው ገቡ። አቶ አፈወርቅ አሁንም አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ አባ ገብረ አማኑኤል በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

«አፈወርቅ፣ ስንት ጊዜ መጣን?»

«ይኼማ ጨዋታ ነው፣ አባቴ።»

«እግራችንም በጨዋታ ነው የቆመው? ያኔ መለስከን፤ ቅድም መለስከን፤ ይኼ ሦስተኛችን ነው። ሦስተኛ የመጣ ሽማግሌ የመለሰ ሰው በመንዝ ማን አለ?»

አቶ አፈወርቅ ጣራውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። ጽናት ዓይኗን አልሰበረችም።

«ሰጥቻለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ጥርሱ እንደሚነቀልበት ሰው።

ከካሜራው ኋላ የታዲዮስ ድምፅ መጣ። «ይቅርታ፣ ባትሪው አልቆብኝ ነበር። አንዴ ይደግሙልኛል?»

«ማንም አይደግምም» አለች ጽናት ብድግ ብላ። «ይኼ ሁሉ ሰው ሲሟገት እኔን የጠየቀኝ አለ? ሥራ መልቀቅህ አይደለም ያንገበገበኝ። ከገበያ ሰው መስማቴ ነው።»

ታዲዮስ ካሜራውን ትቶ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እምቢ ብልህ ፊልሙን ትተወው ነበር?»

ራሱን ነቀነቀ። «አልተወውም ነበር።»

ቢዋሻት ኖሮ ጥላው ትሄድ ነበር። ይኼ ግን እውነቱ ነው፤ ንዴቷ ከላይ ከላይ በረደ።

«አሁንስ የደበቅኸኝ ነገር አለ?»

መሬት መሬቱን አየ። «አልጋዬን ሸጬዋለሁ። ለድምፅ መቅጃ።»

«ወይ መከራዬ» አለች ጽናት። «እንግዲያ መሬት ላይ ነዋ የምንተኛው።»

አባ ገብረ አማኑኤልን ሳል ያዛቸው። አቶ አፈወርቅ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሄዱና፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«አልጋውን እኔ እሰጣለሁ። ያንን ካሜራ ግን በሠርጉ ቀን ደጄ እንዳላየው።»