የሐጂ ሸምሰዲን ጣሪያ ለምን ወደቀ

የሐጂ ሸምሰዲን ሬሳ ከጣሪያቸው ፍርስራሽ ሥር ሲገኝ ጣሪያው የሚደመደምበት የድንጋይ መዳመጫ ደረታቸው ላይ ነበር። አራት ጎልማሶች ተረዳድተው አነሡት። ሴት ልጃቸው ሽለር ሁለት እጆቿን ሻሿ ውስጥ ሸሽጋ ከበረቱ በር ሆና ታያለች። አላለቀሰችም። ሴቶቹ «ድንጋጤ ነው» ተባባሉ። እሷ ግን የፈራችው መዳፏን እንዳያዩባት ነበር።

በዚያ የኩርዶች ተራራ ላይ ጣሪያ ሁሉ ጠፍጣፋና የጭቃ ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር መጥረግ፣ ጠርጎም መዳመጫውን በገመድ እየጎተቱ መደምደም ግድ ነው፤ አለዚያ ያፈሳል። ሐጂ ዳሌያቸውን ከታመሙ ወዲህ ይህ ሥራ የሽለር ሆኖ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋትም ጣሪያው ላይ የነበረችው እሷ ናት። ግማሹን ደምድማ ዳር ስትደርስ ከኋላዋ ጣሪያው ተከፈተ። መዳመጫው ቁልቁል ሲሄድ ገመዱ መዳፏን ልጦት ወጣ። በመሰላሉ ወርዳ ወደ ዳቦ መጋገሪያው ጎጆ ሮጠች፤ ጎረቤቶች የመደርመሱን ድምፅ ሰምተው ሲመጡም እጇን ሊጥ ውስጥ ነክራ አገኟት። ለጠየቃት ሁሉ «ዳቦ ላይ ነበርኩ» አለች።

መርማሪ ናሲህ ከሰዓት በኋላ ከወረዳው ከተማ ደረሰ። አጠር ያለ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ከሚናገረው ይልቅ የሚያስነጥሰው የሚበዛ ሰው ነው። ሬሳውን አየ፤ መዳመጫውን በእግሩ ነካ አደረገው። ቀጥሎ ከሁሉም በፊት ያናገረው ግንበኛውን ኡስታ ቃዲርን ነበር።

«ኡስታ፣ ይኼ ጣሪያ በራሱ ሊወድቅ ይችላል?»

«ሐጂ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየመኸሩ ጭቃ ላይ ጭቃ ሲደርቡበት ኖሩ። ከአንድ ክንድ በላይ ወፍሯል። አሮጌው ሳይገፈፍ አዲስ አይለጠፍም ብዬ ለፍልፌያለሁ። ባለፈው ዓመት አንዱ አግዳሚ እንጨት ሲሰነጠቅ ምሰሶ አቆምኩበት። በበጋ አፈሩን አውርደን፣ እንጨቱን ቀይረን እንሠራዋለን ተባባልን።»

«በጋው መጣ?»

«መጣና ሄደ። አባትየው ጭቃ ይሁን ይላሉ፣ ልጅየው ሰርዋን ቆርቆሮ ይሁን ይላል። ሲከራከሩ በረዶ ቀደማቸው። እኔም ምሰሶው እስከ ፀደይ ይይዘዋል አልኳቸው።» ኡስታ ቃዲር አንገቱን ደፋ። «ያን ቃል ባልተናገርኩ።»

«ምሰሶው የት ላይ ነበር?»

«ከጥጉ፣ ከፍራሹ ክምር ጀርባ። ሐጂ ሲያዩት ይናደዱ ስለነበር ሽለር ነች በፍራሽ የጋረደችው።»

ናሲህ ፍርስራሹ ውስጥ ገብቶ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። ሲወጣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አፈር ሆኗል። ሰርዋን በሩ ጋ ጠበቀው። ከተማ ውስጥ የዕቃ መጫኛ ፒክአፕ የሚነዳ፣ ፂሙን በየቀኑ የሚላጭ ሰው ነው።

«በረዶው ነው፣ ጌታዬ» አለ ሰርዋን። «ስንት ጊዜ ለመንኳቸው መሰልዎት? አንድ ቀን ይጫንዎታል አልኳቸው።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ትናንት ሐሙስ መጥቼ እዚሁ አደርኩ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው ወደ ከተማ የወጣሁት። ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቼ ተመለስኩ።»

ሽለር ይህን ሰማች። ወንድሟ ጎህ ሲቀድ አልወጣም። መሰላሉን ስትወጣ ፒክአፑ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ተቀምጦ ነበር፤ እጁንም አወዛውዞላታል። እንግዲህ እዚያ ላይ እንዳያት መናገር ስላልፈለገ ነው የዋሸው፤ እኔን ሊሸፍን ነው፣ ካካ ለእኔ ብሎ ነው አለች በሆዷ። ይህ ደግሞ ሌላ ሸክም ሆነባት። አባቷን ገድላ ወንድሟንም አስዋሸች።

ለመርማሪው ሻይ አቀረበችለት። ብርጭቆውን በጣቶቿ ጫፍ ነበር የያዘችው። ናሲህ ጣቶቿን አየ፤ የስኳሩን አንኳር በጥርሱ ነክሶ ሻዩን ፉት አለ።

«እህቴ፣ አንቺስ የትኛውን ነበር የምትፈልጊው? ጭቃውን ወይስ ቆርቆሮውን?»

ስኳሩን ወደ እሱ አስጠጋችለት።

«ቀላል ጥያቄ ነው እኮ።»

«ለባባ ጭቃው ይሞቃል እለው ነበር። እናቴ ከእሱ ጋር አፈር ተሸክማ የሠራችው ነው፤ ቆርቆሮ ሲባል ያኮርፋል። ለካካ ደግሞ… ቆርቆሮ ቢሆን ወገቤ ባረፈ እለው ነበር።»

«ሁለቱም አንቺ ከእነሱ ጋር እንደሆንሽ ያስቡ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ» አለች። «አንዱን አንድ ቀን እንኳ ቁርጡን ብነግረው ኖሮ በበጋ አልቆ ነበር።»

ናሲህ ሻዩን ጨርሶ ግቢውን ዞረ። ሕዝቡ በዋናው በር ስለገባ የመሰላሉን ጥግ ማንም አልረገጠውም። እዚያ ጎንበስ ብሎ ቆየ። በረቱንም፣ የገለባውን ጎተራም ፈተሸ። ከዚያ ኡስታ ቃዲርን ጠርቶ አንድ ነገር በጆሮው ጠየቀው። ኡስታ ቃዲር «አዎ፣ እኔ ቤት ነው ያለው» አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱንም፣ ሽለርን፣ ሰርዋንንና ኡስታ ቃዲርን፣ ጣሪያ ባጣው ክፍል በር ላይ ሰበሰባቸው። የመንደሩ ሽማግሌዎችም ቆሙ።

«በረዶው አይደለም» አለ ናሲህ አፍንጫውን እየጠረገ። «ከፍርስራሹ ላይ ያገኘሁት በረዶ ጣት አይሞላም፤ ተጠርጎ ነበር። መዳመጫውም ማታ ማታ ከጣሪያው ዳር ነው የሚቀመጠው። ከመሐል የተገኘው በእግሩ ሄዶ አይደለም። ሰው ሲጎትተው ነበር።»

ሽለር ሻሿን ገልጣ መዳፎቿን ዘረጋች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። በላዩ ላይ ድንጋይ ስጎትት ነበር። ፈርቼ ዋሸሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አላህን ጠራ። ሰርዋን ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«አውቃለሁ» አለ ናሲህ በለሆሳስ። «ብርጭቆ ስትሰጪኝ አይቼዋለሁ። ግን ከዚህ በፊት ይኼን መዳመጫ ስንት ጊዜ ጎትተሽዋል?»

«ሁልጊዜ። በረዶ በጣለ ቁጥር።»

«ባለፈው ሳምንትስ?»

«ባለፈው ሳምንትም።»

«ታዲያ ባለፈው ሳምንት የተሸከመሽ ጣሪያ ዛሬ ምን ጎደለበት? ኡስታ፣ ምሰሶህ ቢሰበር የት ይገኛል?»

«ከአፈሩ ሥር። ሁለት ሦስት ቦታ ተሰባብሮ።»

«እኔ ግን ጎተራው ውስጥ፣ ገለባ ሥር፣ ሙሉውን ነው ያገኘሁት። ጭረት እንኳ የለበትም። የቆመበት ድንጋይ ላይ ደግሞ በመዶሻ የተመታ አዲስ ምልክት አለ። ጣሪያው ከመውደቁ በፊት አንድ ሰው መትቶ አውጥቶታል። ከፍራሽ ጀርባ ስለሆነ ሐጂም አላዩ፣ ሽለርም አላየች።»

ናሲህ ወደ ኡስታ ቃዲር ዞረ።

«ዛሬ ጠዋት ቤትህ ምን መጣልህ?»

«የሟች እናታቸው የስፌት መኪና» አለ ኡስታ ቃዲር። «ሰርዋን ነው ያመጣው። ቀበቶው ላልቷል፣ እይልኝ ብሎ።»

«ቀበቶው ላልቷል?»

«ደህና ነው።»

«የስፌት መኪናው የሚቀመጠው ከተሰነጠቀው አግዳሚ ሥር ነበር። አፈሩን ስገፍፍ እግሩ ምንጣፉ ላይ የሠራውን ጉድጓድ አገኘሁ። አንድ ሰው እዚያ ላይ ነገር እንደሚወርድ አውቆ አሽሽቶታል።» ናሲህ ወደ መሰላሉ ጠቆመ። «ሰርዋን፣ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ አልከኝ። በረዶው ያባራው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ፒክአፕህ የቆመበት ቦታ ግን እንደ ምንጣፍ አራት ማዕዘን ሆኖ ደርቋል፣ አንዲት የበረዶ ብናኝ አልነካችውም። የእህትህ ዱካ ደግሞ ያን ቦታ ዞሮ ነው ወደ መሰላሉ የሚሄደው። ባዶ ቦታ ቢሆን ቀጥ ብላ ባለፈች። ስትወጣ መኪናህ እዚያ ቆሞ ነበር። አይተሃታል።»

ሰርዋን ከንፈሩን ላሰ።

«እንጨቱ እንዲጎብጥ ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ይጎብጣል፣ ጥቂት አፈር ይረግፋል፣ ባባ ይደነግጡና እሺ ይላሉ ብዬ ነው። ትናንት ማታ መስጊድ ሳሉ ምሰሶውን አወጣሁት። የሚወድቅ አልመሰለኝም።»

«ያልመሰለህ ከሆነ የስፌት መኪናውን ለምን አወጣህ?»

ሰርዋን ወደ ፈረሰው ክፍል ዞረ።

«እሷ ስትወጣስ?»

«ልጠራት ነበር» አለ ሰርዋን። «መስኮቱንም ከፍቼ ነበር። ምን ልበላት? ለምን አትውጪ ትላለህ ብትለኝስ? ባባ ቢሰሙ ዓይኔን አያዩም ነበር። ከዚህ በፊት ምንም አልሆነችም፣ ዛሬም አትሆንም ብዬ… ሄድኩ።»

ሽለር ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ቀረበች። ስትቆጣ ማንም አይቷት አያውቅም፤ አሁንም አልተቆጣችም። ድምጿ ራሱ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«እጅህን አወዛወዝክልኝ እኮ፣ ካካ።»

ሰርዋን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ናሲህ ጠብቆለት፣ ጠብቆለት፣ በመጨረሻ ክንዱን ያዘው። ቁልቁል ወደ መንገዱ ሲወርዱ ከሽማግሌዎቹ ማንም አልተከተላቸውም።

ኡስታ ቃዲር ግን አልሄደም። ቆቡን በእጁ እያሸ ቆመ። ሰማዩ ከምዕራብ እየጠቆረ ነበር።

«ሽለር፣ ልጄ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሁለተኛው ክፍል እስካሁን ቆሟል፣ ጣሪያው ግን ያው ወፍራም አፈር ነው፤ ከብቶቹም አሉ፣ አንቺም አለሽ። ሰኞ በረዶ ሊጥል ይችላል። ነገ ሰው ይዤ ልምጣ። ጭቃ ነው ወይስ ቆርቆሮ?»

ሽለር የተላጠ መዳፏን አየች። አባቷ በዚያው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ ተሸፍነው፣ መቃብሩ እስኪቆፈር ይጠብቃሉ። እሳቸውን ቅር የሚያሰኝ፣ እሷንም የሚያሳፍር መልስ አፏ ላይ ነበር፤ ለዓመታት የዋጠችው።

«ቆርቆሮ» አለች። «መጀመሪያ ግን አፈሩን ሁሉ አውርዱት። እኔም እሸከማለሁ።»