የሲሪሊክ አድራሻዎች መዝጊያ ደብዳቤ

ስትራሂል ስድሳ ዓመት በሞላበት ቀን ጠዋት፣ በሩሴ ከተማ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። በአገሩ ፊደል፣ በሲሪሊክ፣ የሚጻፉ የድረ ገጽ አድራሻዎችን የሚመዘግብ ቤት ከከፈተ ሃያ ዓመቱ ነበር። መርማሪ ራድካ ጎንበስ ብላ እጁን አየች፤ የሸሚዙ እጅጌ ተተርትሯል።

«ማን አገኘው?»

«እኔ፤ ሦስት ሰዓት ላይ» አለች ጸሐፊዋ ኔቬና። «ለፖሊስ ደውዬ በሩን ቆለፍኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልንም።»

«ከስትራሂል ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ቤቱን ሊዘጋ ነበራ። በእኛ ፊደል የተጻፈ አድራሻ ባንኩ አይቀበለው፣ ኢሜይሉ አይቀበለው። ሰው ይገዛና በወሩ ወደ ላቲኑ ይመለሳል። ‹የሞተ ልጅ አዝዬ ስዞር ኖርኩ፤ በቃኝ› አለ። ዛሬ የመዝጊያውን ደብዳቤ ለደንበኞቹ ሊልክ ነበር። እኔን በሃምሳ አምስት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል?»

ከእሷ ጋር የገባው ዘበኛ፣ ጋሽ ዝላትኮ፣ ቆቡን ጨብጦ ያለቅሳል። «ደረጃውን ትናንት በሰም የወለወልኩት እኔ ነኝ። ገዳዩ እኔ ነኝ።»

አራት ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ኦግኒያን አበባ ታቅፎ ደረሰ። «ምንድነው ይሄ ሁሉ ፖሊስ? እኔ ‹እንኳን ተወለድክ› ልለው...» ሲነግሩት ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ራድካ አበባውን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ከዚያ እስከ መንገዱ ጥግ ደርሳ ተመለሰችና ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ዝላትኮ፣ እንባዎን ይጥረጉ። ሰም ያንሸራትታል እንጂ እጅጌ አይቀድም። እጁን የያዘው ሰው አለ። ኦግኒያን፣ ለልደቱ ስንት አበባ አመጣህ?»

«ስምንት» አለ።

ጋሽ ዝላትኮ አማተበ።

«ለቁም ሰው ጎዶሎ፣ ለሙት ጥንድ። ይህን በአገራችን ሕፃን ያውቀዋል። የመንገዱ ጥግ አበባ ሻጭ ሰባት ብትሰጥህ ‹አንድ ጨምሪ› ብለሃታል። ያኔ መሞቱን ከእኛ በቀር የሰማ አልነበረም። አፍህ ለልደት መጣ፤ እጅህ ግን ለቅሶ ደረሰ።»

ኦግኒያን ዓይኑን አበባው ላይ ጣለ።

«አንድ ዓመት ብቻ ነው የለመንኩት» አለ። «አንድ ዓመት ታገስ፣ ዓለም በራሳችን ፊደል ማንበቧ አይቀርም አልኩት። ሰምቶኝም አለፈ። ደብዳቤውን እንዳይልክ ክንዱን ያዝኩት፤ ሲያስለቅቅ ወደቀ። ቢያንስ አልላከውም።»

«ሁለት ሰዓት ላይ ልኮታል» አለች ራድካ። «ኮምፒውተሩን አይቻለሁ። ደረጃው ላይ ስታገኘው ወደ መኖሪያ ቤቱ ሊሄድ ነበር።»

ስልኩ ጮኸ። ኔቬና በልማድ አነሳችው። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ የሱቋን ስም በሲሪሊክ ማስመዝገብ ፈልጋ ነበር።

ኔቬና ኦግኒያንን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

«ዘግተናል፣ እናቴ» አለች።