የአባ የጫማ ቦታ

«ሰውየው አርፈው ቅጣቱ ይቀጥላል እንዴ?» አለች ዊንታ፣ ቺፕስ የሞላ አፏን በእጇ ከልላ።

«ቅጣት አይደለም፤ ቀኖና ነው» አለች ሀሴት።

«ኦኬ፣ ቀኖና። ሶ... ስድስቱን እሑድ ጨርሰሻል። ሰባተኛውን ማን ይቆጥራል? የዴንተኑ ቮሊቦል ክለብ ተጫዋች የሚመርጠው በዓመት አንዴ ነው እኮ! እሑድ ጠዋት አባቴ ፒክ ያደርግሻል፤ አለቀ።»

ሀሴት አንገቷን አስግጋ አውቶቡሱን ጠበቀች። አንድ ዓመት ሙሉ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር ኳስ ስትለጋ የከረመችው ለዚህች እሑድ ነበር። ዊንታም እውነቷን ነው፤ ማንም አይቆጥርም። የንስሐ አባቷ አባ ኃይለ ማርያም ካረፉ ሁለት ሳምንታቸው ነው።

አባን የምታውቃቸው ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ነው። ከእናቷ ጋር ከአገር ቤት መጥተው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የደረሱ ቀን መውጫው ጠፍቷቸው ሲንከራተቱ፣ ባዶ ዊልቸር የሚገፉ ጢማቸው የሸበተ ሰው «እናንተ የኛ ሰዎች!» ብለው ተጣሩ። እሑድ መቅደስ የሚያገለግሉ መነኩሴ፣ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ዊልቸር ገፊ ነበሩ። ሀሴትን ዊልቸሩ ላይ አስቀምጠው እያበረሩ ወሰዷት። የጎማውን ሲጢጥታና የአባን ሳቅ ዛሬም ድረስ ትሰማዋለች።

ከሁለት ወር በፊት የተናዘዘችላቸውን ግን ለማንም አልተናገረችም። እናቷ በጽዳት ዩኒፎርሟ ትምህርት ቤት እንዳትመጣባት ፈርታ፣ «የወላጆች ስብሰባው ተሰርዟል» ብላ ዋሽታት ነበር።

አባ አዳምጠው ሲጨርሱ «ሰባት እሑድ የደጁን ጫማ ደርድሪ» አሏት።

«ጫማ? ለምን ጫማ፣ አባ?»

«ያን ጊዜ ዊልቸሩ ላይ ሆነሽ በየት በኩል ነው የሚወስዱኝ ብለሽኛል? ተቀመጥሽ፣ ገፋሁሽ፣ ደረስሽ። አሁንም ዝም ብለሽ ተቀመጪ» ብለው ሳቁ።

ደረደረች። መጀመሪያ አፍንጫዋን ይዛ ነበር፤ እያደር ግን ሰዉን በጫማው ለየችው። በየሳምንቱ በመኪናቸው ቤተ ክርስቲያን የሚወስዷት ጎረቤቷ አቶ ግዛቸው፣ ቀድሞ በጥድፊያ የሰው ጫማ አጥልቀው የሚሄዱ፣ አንዴም ሁለት የግራ ጫማ አድርገው ቤታቸው የገቡ ሰው ናቸው። «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ በራሴ ጫማ መሄድ ጀመርኩ!» ይሏታል።

ቅዳሜ ማታ ለዊንታ «አልመጣም» ብላ ጻፈችላት።

«ሲሪየስ ነሽ? ለምን?»

ሀሴት «ገና አልደረስኩም» ብላ ጻፈች፤ መልሳ አጠፋችው። ዊንታ አይገባትም። ለራሷም በደንብ አልገባትም። ብርድ ልብሷ ውስጥ ገብታ ትንሽ አለቀሰች።

ሰባተኛው እሑድ መደርደሪያው ጢም ብሎ ሞላ። ባዶ የቀረው ከታች ጥጉ ብቻ ነው፤ የአባ ቡናማ ሰንደል ይቀመጥበት የነበረው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ደፍሮ ጫማውን አላስቀመጠበትም።

ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ በሩ ተከፈተ። እናቷ ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ መጥታ፣ ዩኒፎርሟን በነጠላዋ ሸፍና፣ ጫማዋን ደጁ ላይ አውልቃ ገባች። የማያንሸራትት ጥቁር የሥራ ጫማ ነው። በረኪና የተንጠባጠበበት ነጥብ ነጥብ ብሎ ነጥቷል፤ የቀኙ ተረከዝ በአንድ በኩል አልቋል።

ሀሴት እንደ ልማዷ አነሳችው። ስድስት እሑድ ሙሉ ያንን ጫማ ከሌሎቹ ኋላ ስትሸጉጠው ነበር። እጇ አሁንም ወደዚያው ሄደ። መሃል ላይ ቆመ።

ተንበርክካ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገች። አባ ቦታ ላይ አስቀመጠችው።

ቅዳሴው ሲያልቅ እናቷ ከመደርደሪያው ኋላ ጎንበስ ብላ ፈለገች። «ሀሲዬ፣ ጫማዬስ? ዛሬ ከኋላ የለም።»

እናቷ የሚደበቅበትን ታውቅ ኖሯል።

«አባ ቦታ ላይ ነው» አለች ሀሴት።

ጫማውን አውጥታ እናቷ እግር ሥር አስቀመጠች። ቀና ሳትል፣ ማሰሪያውን እያላላች፣ «ማሚ፣ ያ ስብሰባ አልተሰረዘም ነበር» አለች።

እናቷ እጇን ሀሴት ትከሻ ላይ አሳርፋ አንድ እግሯን አጠለቀች።

«ሐሙስ ሌላ አለ» አለች ሀሴት። «ከሥራ በቀጥታ ነይ። ልብስ ለመቀየር ብለሽ እንዳታረፍጂ።»