ሳይወለድ የተሠራው ካልሲ

ለማመን አትቸኩሉ፤ ለመሳቅም አትቸኩሉ። ይህ የሆነ ነገር ነው። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ፣ ቦታው ላፍቶ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ስድስት ሰዓት።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀትር ነው።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ወንፊት ልዋስ ጎረቤት ብሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። ሁሉንም አላስታውስም... ዘመኑ ርቋል። ይህቺን ግን አልረሳኋትም።

«ዛሬስ?»

«ዝም ብሏል።»

«የትኛው ነው ዝም ያለው... የውስጡ ወይስ የውጪው?»

ወንፊቱን ሳልዋስ ተመለስኩ።

የቀረውን ከባለቤቶቹ አፍ እስክሰማ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ሰው በራሱ ጊዜ ይናገራል፤ መጎትጎት አልወድም። እንደሰማሁት ላውጋችሁ።

አፀደ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከበበው መሃል ከተማ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ከገበሬው ከሁንዴሳ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ጓሮው ሰፊ የሣር መስክ ነው፤ ከመስኩ ማዶ ወንዝ አለ።

አፀደ ሰው ትንቃለች። ባሏ ክራባት ስለሚያስር እርሷም አብራ የታሰረች ይመስል አንገቷን አታዞርም። የሁንዴሳ ሚስት ገዲሴ እርጎ ስታመጣላት ቅሉን በሁለት ጣት ይዛ ነው የምትቀበለው። ገዲሴ በዕድሜ እናቷ ትሆናለች። አንድ ቀን «እትዬ» ብላት አታውቅም።

ግን ደግሞ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም በሰባተኛው ወር ወርደውባታል። ይህ ሦስተኛው ነው። ሰባተኛው ወር ገብቷል። ሌት ተቀን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ርግጫውን ታዳምጣለች።

ይህን ልጅ እንደ ባላገር ልጅ በጨርቅ አልጠቀልልም ብላ ኪሮሽ መማር ጀመረች።

አስተማሪዋ መካኒሳ አቦ አጠገብ የምትኖር ወይዘሮ ተሾመች ናት። አፀደ የምትፈራት ሰው እርሷን ብቻ ነው፤ ከራሷ ይበልጥ የሚንቅ ሰው ከዚያ በፊት አላየችማ። ተሾመች የተማሪዎቿን ሥራ በኪሮሹ ጫፍ አንጠልጥላ ነው የምታየው፤ በእጇ አትነካውም።

«ይሄ ካልሲ ነው ወይስ የሽንኩርት ከረጢት?»

«ካልሲ ነው፣ እሜቴ።»

«ሽንኩርቱም አይለብሰው። ተርትሪው።»

አፀደ ትተረትራለች። እንደገና ሰንሰለቱን ትጀምራለች። ቤቷ ስትመለስ ደግሞ የተቀበለችውን ስድብ ሳታጎድል ለገዲሴ ታወርሳለች።

እዚያ ሰፈር ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይሠራም። ልጅ ሲወለድ ዕድሜ የጠገበ ሰው ከለበሰው አሮጌ ነጠላ ተቀድዶ ይጠቀለላል። አዲሱ ልብስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ገዲሴ ዘጠና ዓመት የኖሩትን የአማቷን ነጠላ አጥባ፣ አጣጥፋ አመጣችላት። አፀደ የፋኖስ ብርጭቆ መወልወያ አደረገችው።

ገዲሴ አልተቆጣችም። እንዲህ ብቻ አለች።

«ልጄ... ባለቤት የሌለው ልብስ ባለቤት ይፈልጋል።»

አፀደ ይህን የገዲሴን አነጋገር እየቀዳች ለተሾመች ነገረቻት። ሁለቱ አብረው ሳቁ። ከተሾመች ጋር አብራ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበርና ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሏት ሰነበተች።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

በፍልሰታ ቀትር ላይ ሰፈሩ ባዶ ነው። ሁሉም ለቅዳሴ አቦ ይሄዳል። አፀደ ነፍሰ ጡር ናትና ቤት ቀረች። ቢጫውን ካልሲ ጨረሰች፤ ርዝመቱ ሦስት ጣት ነው። ቀደም ብላ የሠራቻትን ትንሽ ሹራብም አጠገቡ አስቀምጣ የቆርቆሮ ሣጥኑን ዘጋች። ልብስ ልታሰጣ ወጣች... ተመለሰች። ደግማ ልታየው ሣጥኑን ከፈተች።

ካልሲው እዚያው ነው።

መርገጫው ግን ጭቃ ነክቶታል። ጥቁር ዋልካ... ገና ያልደረቀ።

«ያቺ ባላገር ገብታ ነው» አለች። አጠበችው። በማግስቱ ሣጥኑን ቆልፋ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከፈተች።

ጭቃ።

ካልሲውን በጣቷ ለካችው። አራት ጣት ሆኗል። መስመሩን ቆጠረች። የሠራችው አሥራ ስምንት ነበር፤ አሁንም አሥራ ስምንት ነው። የጨመረበት ሰው የለም። ውስጡ ያለው እግር ያደገ ይመስል ተወጥሯል።

የዚያን ቀን ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ እስኪመሽ አልተንቀሳቀሰም።

በሦስተኛው ቀን ከዝናብ በኋላ በሩን ከፈተች። ከመስኩ እስከ ደጃፏ ትንንሽ ዱካ ተሰልፏል። ጎንበስ ብላ አየችው። በእያንዳንዱ ዱካ ላይ የኪሮሹ አሠራር ታትሟል... ሰንሰለቱ ሳይቀር።

ሁሉም ወደ ቤቱ የሚመጣ ነው።

የሚመለስ አንድም የለም።

ሣጥኑን ታቅፋ ተሾመች ዘንድ ሄደች። ተሾመች እንደ ልማዷ ሳቀች። ላልቶ የተሠራ ሥራ ይሳባል፣ የገበሬ ቤት መኖር ያባላገራል እያለች ስታላግጥባት ቆየች። ከዚያ የላላውን ቦታ ልታሳያት እጇን በሹራቡ ውስጥ አስገባች።

እጇ እዚያው ቀረ።

«ማን ለብሶት ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ማንም።»

«ይሞቃል...»

እጇን አወጣች። ተነሥታ ሁለቴ ታጠበች። ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች «ከእንግዲህ አትምጪ» አለቻት። ሌላ ክፉ ቃል አልተናገረችም። አፀደን ከሁሉ ያስፈራት ይኸው ነው። ያን ቀን ተሾመች ብትሰድባት ኖሮ እግሯን ትስም ነበር።

በማግስቱ ቀትር ልብሶቹን ጓሮ አውጥታ ላምባ አርከፈከፈችባቸው። ክብሪቱን ልትጭር ስትል አንድ እጅ ያዛት። ገዲሴ ናት፤ ከአቦ ጸበል ይዛ መመለሷ ነው።

«ልቀቂኝ ገዲሴ። ላቃጥለው።»

«ልብሱን ብትገፍፊው ይበርደዋል።»

«ይብረደው።»

«ሲበርደው የት የሚገባ ይመስልሻል?»

ይህን ስትል የአፀደን ሆድ ነበር የምታየው።

ክብሪቱ ከእጇ ወደቀ።

ገዲሴ ጠንቋይ አይደለችም፤ አምላኳን የምታውቅ ሴት ናት። ጸበሉን ረጨች። የአፀደን ራስ ደግፋ «ከቀትር ጋኔን» የሚለውን የዳዊት መዝሙር በቃሏ ደገመችላት። እንዲህም አለቻት፦ ጠርተሽ ያለበስሽው አንቺው ነሽ። እግዚአብሔር እስኪያርቀው ድረስ እየሠራሽ ብታለብሺው ከደጅ ይቆማል።

አፀደ ዓይኗን አጠበበች። ስም የለሽ ነገር ልታገለግል፣ ያውም በገበሬ ምክር... ልብሶቹን አጥባ ከሣጥኑ መልሳ ቆለፈችና በሯን ዘጋች።

ሦስት ቀን ሣጥኑን አልከፈተችም። ሦስት ቀን ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ወንፊት ልዋስ ደርሼ ገዲሴ ስትጠይቃት የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነበር።

በአራተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን አፀደና ገዲሴ በሩን ከፈቱ።

ሹራቡ የበሩ ደፍ ላይ ነው። እጅጌዎቹን ዘርግቶ በጀርባው ተኝቷል። ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉም ከአፀደ አንገት አልወረደም።

ከጎኑ ሦስት ሸምበቆዎች ተደርድረዋል። ጫፋቸው በጥርስ የተቆረጠ ይመስላል።

አፀደ የመጀመሪያውን አነሣች። በእጅጌው ላይ አኖረችው። በአንድ ጣት ይበልጣል።

«የሚያድግበትን ልክ መላኩ ነው» አለች ገዲሴ በሹክሹክታ።

ሁለተኛውን አቆመችው። ወገቧ ድረስ መጣ።

ሦስተኛውን አቆመችው... ከራሷ በላይ አለፈ። የበሩን ጉበን ነካና ጎበጠ።

ነፋስ የለም። መስኩ ላይ ግን አንድ ቦታ ሣሩ አንዳች ነገር የቆመበት ይመስል ተኝቷል፤ አይቃናም።

አፀደ ሆዷን ይዛ ተንበረከከች።

«እትዬ ገዲሴ... ምን ልበለው?»

«እኔ አይደለሁም የምሠራለት። አንቺ ንገሪው።»

አፀደ ወደ መስኩ ዞረች።

«የመጀመሪያውን እሠራለሁ።»

ሆዷ ውስጥ አንድ ጊዜ ተረገጠች። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም አለ።

ጠበቀች። የተኛው ሣር ወደ ደጁ ጥቂት ቀረበ።

«ሁለተኛውንም።»

አንድ ርግጫ። ዝም።

ገዲሴ ትከሻዋን ያዘቻት። አፀደ ጉበኑ ሥር የጎበጠውን ሸምበቆ ለረጅም ጊዜ አየችው... ይህን የሚያህል ሹራብ ስንት ክር እንደሚፈጅ ሳይሆን፣ ይህን የሚያህል ነገር መጥቶ በየት በር እንደሚገባ ነበር የምታስበው።

«ሦስተኛውንም» አለች። «እሺ... እሠራለሁ።»