በጋሎን ሃያ አምስት ማይል

ሰባ ማይል በሰዓት።

«አሁን» አሉ ኦርቪል ዳንከርት።

ማርሹን ፍሪ አደረጉና እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አነሱ። ፒካፑ በራሱ ግፊት መንሸራተት ጀመረ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት ሰዓት መያዣውን ተጫነች። የሙከራው መንገድ ከፊታቸው ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ነፋሱ ከኋላ እየገፋቸው ነው።

ሴትዮዋ በብራኖክ ሞተር ኩባንያ መዝገብ ዊላ ፕሩዊት ትባላለች። የሙከራ ረዳት ናት። በላካት የመንግሥት ቢሮ ደግሞ «ድንቢጥ» ናት። ሁለቱም ስሞች የራሷ አይደሉም። ሰባት ወር ሙሉ ከዚህ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ሰዓት ስትይዝ የኖረችው ለዛሬዋ ቀን ብላ ነው።

ሥራው ቀላል ነው። መኪናውን ታስሮጣለህ፣ ፍሪ ታደርገዋለህ፣ እስኪቆም ትጠብቃለህ። ቆይቶ ከቆመ በጥቂት ቤንዚን ብዙ ይሄዳል ማለት ነው። በመኪናው መስኮት ላይ የሚለጠፈው ቁጥር የሚወለደው ከዚህ ነው። ለብራኖክ «ቲምበር» የተለጠፈለት ቁጥር በጋሎን ሃያ አምስት ማይል ነው። ቁጥሩን የሚያምኑት ሰዎች ሁለት ቶን ተኩል ብረት ገዝተው አንድ ከረጢት የውሻ ምግብ የሚጭኑበት ናቸው።

ያመኑትም ቢሆኑ ተታለዋል። ከኋላ የሚነፍስ ቀን ሲሆን ሩጫው ይመዘገባል። ከፊት የሚነፍስ ቀን ሲሆን ምክትል ፕሬዚዳንቱ ደንካን ስቴፈርድ ጭቃ ነክቷቸው የማያውቁ ቡትስ ጫማዎቹን አድርጎ ይመጣና «የመሣሪያ ብልሽት» ብሎ ያሰርዛል። በእሱ አገር ነፋስ ከፊት የሚነፍሰው መሣሪያ ሲበላሽ ብቻ ነው።

ኦርቪል ግን አርባ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ሩጫ በእርሳስ ይጽፋሉ። መሣሪያው ሳይመጣ በፊት እንደዚያ ነበር የሚሠራው፤ ልማዱ አልለቀቃቸውም። የተሰረዘው ሁሉ ደብተራቸው ላይ አለ።

ከመስታወቱ በላይ ያለው ካሜራ ከደረት በታች አያይም። ደብተሩ በወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ወደ ዊላ ጭን መጣ።

«የቲምበሩ አርባ አንድ ሩጫ» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። «ሳይሰርዙ የተዉት ዘጠኙን ብቻ ነው። ዘጠኙ ላይ አስፈረሙኝ። እሱ ነው ያንገበገበኝ።»

«ስምዎ አይወጣም።»

«ጡረታዬ አራት ወር ቀርቶታል፣ ልጄ። ከወጣ ባዶ እጄን ነው ወደ ቤት የምሄደው።»

«አይወጣም አልኩዎት።»

ፒካፑ ቀስ ብሎ ቆመ።

እኩለ ቀን ላይ በር ላይ ፈተሿት። ዘበኛው የስልኳን ካሜራ የሸፈነውን ተለጣፊ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርጎ አየ። ደብተሩን በምሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከብርቱካን በታች አየው። አላየውም ማለት ይሻላል። ካሜራ እንዲፈልግ የታዘዘ ዘበኛ ወረቀት አይታየውም።

መኪናዋ ሩቅ ነበረች። በብራኖክ ግቢ ብራኖክ የሚነዳ በሩ ሥር ያቆማል፤ የሌላ ፋብሪካ መኪና የሚነዳ በጠጠሩ ሜዳ ማዶ ነው። ሠራተኛው ይህን ቅጣት እንደ ሕግ ተቀብሎታል። ዊላ አሮጌዋን የጃፓን መኪና አስነሳች። ታንከሯ ሙሉ ነው።

ቀኑ አርብ ነው። የተታለሉ ገዢዎች ብራኖክን ከሰው ነበር። ላንሲንግ ከተማ ያለው ዳኛ ማስረጃ ካለ እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ይምጣ፣ አለበለዚያ መዝገቡን እዘጋለሁ ብሏል። ደብተሩን ተቀብሎ፣ አሽጎ፣ የጻፈውን ሰው ስም ሸፍኖ ለዳኛው የሚያደርሰው አለቃዋ ብራይስ ካልኪንስ ነው። በስልክ ስሙ «አጎት» ነው።

ኮኒ ቤት በሚባል ምግብ ቤት ለዘጠኝ ሰዓት ቀጥሯታል። ስትደርስ ካልኪንስ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ስጎና ሽንኩርት የተከመረበት ቋሊማ በዳቦ ይበላል።

ከመስኮቱ ውጭ ቀይ ቲምበር ቆሟል። አዲሱ ሞዴል።

ዊላ ሄዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ይህ ሞዴል ለገበያ የሚወጣው በመስከረም ነው። አሁን ሰኔ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይሄኛው ጉድ ግን ቀድሞ ደርሷል። አራት ዓመት ሙሉ ካልኪንስ የሚነዳው በሯ በግድ የሚዘጋ ግራጫ መኪና ነበር።

«ቆንጆ አይደለች?» አለ።

«የማን ናት?»

«ተከራየኋት።»

ገና ያልተሸጠን መኪና ማንም አያከራይም። በዚህ አገር የፋብሪካ ሠፈር ሕፃን እንኳን ይህን ያውቃል። ሌላ የተገዛ ሰው ቢሆን ጉቦውን ይደብቃል። ካልኪንስ ግን የመኪና ፋብሪካዎች አገር የሆነው የሚሺገን ልጅ ነው፤ ፒካፕ ተሰጥቶት ጋራዥ ውስጥ አንድ ቀን ማሳደር አቃተው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ሊያሳያት ይዟት መጣ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

«በጋሎን ስንት እንደምትሄድ ታውቂያለሽ?» አለ። «ሃያ አምስት። ስክሪኑ ላይ በዓይኔ አየሁ። አሁን ቤንዚኗ ሊያልቅ ደርሶ እንኳን ገና መቶ ማይል ትሄዳለህ ትለኛለች።»

ዊላ አየችው። ቁጥሩ ውሸት መሆኑን የሚያሳይ ፋይል አራት ዓመት ያነበበ ሰው ነው። መኪናው የእሱ ሲሆን አመነው።

«ደብተሩስ?» አላት።

«መኪና ውስጥ ነው።»

«የጻፈውስ? ስሙን ንገሪኝ።»

ስም ጠይቋት አያውቅም። አለመጠየቅ የራሱ ደንብ ነበር። ስቴፈርድ ፒካፕ የከፈለው ለደብተሩ ብቻ አይደለም፤ ለሽማግሌውም ጭምር ነው።

«ለምን ፈለግከው?»

«ለጥበቃው ብዬ ነዋ።»

«እሺ። ደብተሩን ላምጣልህ፣ ስሙን እዚያው ታየዋለህ።»

«ሂጂ» አለ። ጣቶቹ በስጎ ተለውሰው ነበር፤ ለመነሳት ሰነፈ።

ወጣች። ቀዩን ፒካፕ ዞራ አላየችም። ሞተር አስነሳች። መንገድ ገባች።

ላንሲንግ በስተምዕራብ ሰማንያ ማይል ነው።

አሥር ማይል ሳትሄድ ስልኳ ጮኸ።

«ድንቢጥ፣ አትሞኚ። ስቴፈርድ እንደሚወራበት አይደለም። ለአንቺም የሚሆን አለው።»

«ምን? ፒካፕ?»

«የፈለግሽውን ቀለም።»

ዘጋችበት። መስታወቷ ውስጥ ቀይ ነጥብ ታየ። ነጥቡ አደገ።

ነፋሱ ከምዕራብ ነው። ልክ ከፊት። ዊላ ደብተሩን አንድ ወር ሙሉ ሽማግሌው ሲጽፉበት ከጎን አንብባዋለች። ገጽ ሠላሳ አንድ፦ ነፋስ ከፊት፣ ፍጥነት ሰማንያ አምስት፣ በጋሎን አሥራ አራት። ሥሩ ላይ፦ ስክሪኑ ሃያ አምስት ይላል፣ ይዋሻል።

ሒሳቡን ሠራች። የስክሪኑ መቶ ማይል በዚህ ነፋስ ስልሳም አይሞላም።

ስለዚህ ቀስ ብላ መንዳት የለባትም። ማስሮጥ አለባት።

ሰማንያ። ሰማንያ አምስት። አሮጌዋ መኪና ተንቀጠቀጠች።

ካልኪንስ ተከተላት። አንድ ማደያ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ስክሪኑ አይዞህ፣ ገና ነው እያለው እንደሆነ ዊላ ታውቃለች። ሦስተኛውንም አለፈ።

ሃምሳኛው ማይል ላይ ከጎኗ መጣ።

ገጫት።

የኋላ ጎማዋ ጠጠር ላይ ወጣ። መኪናዋ ዞር አለች፣ ተመለሰች። ደብተሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ዊላ መሪውን በሁለት እጇ አነቀችው። ቀዩ ፒካፕ ለሁለተኛው ምት ራቅ ብሎ ተዘጋጀ። አፍንጫው ወደ እሷ ዞረ።

አልመጣም።

ሳል ሳል አለው። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ፒካፑ በራሱ ግፊት ብቻ መንሸራተት ጀመረ። ዊላ በልቧ ሴኮንድ ቆጠረች፤ ልማድ ሆኖባት ነው። ነፋሱ ከፊት ነበርና ቶሎ ቆመ። ስቴፈርድ ቢኖር የመሣሪያ ብልሽት ይለው ነበር።

ካልኪንስ በሩን ከፍቶ ወርዶ መንገዱ ዳር ቆመ። በመስታወቷ እያነሰ ሄደ። ደስ አላት። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም።

ምክንያቱም አሽጎ የሚያደርስ ሰው አሁን የለም። ወደ ቢሮው ብትመለስ የተገዛው ካልኪንስ ብቻ ይሁን አይሁን አታውቅም። የቀረው የፍርድ ቤቱ የማስረጃ መስኮት ነው፤ እዚያ ደግሞ ነገር የሚገባው በግልጽ ነው።

ለአስራ አንድ ሃያ ጉዳይ ሲሆን መስኮቱ ጋ ደረሰች። ማስቲካ የምታኝክ ጸሐፊ ቅጽ ገፋችላት። ሁለተኛው መስመር «ማስረጃውን የጻፈው ሰው ሙሉ ስም» ይላል።

«ባዶ መተው ይቻላል?»

«ይቻላል» አለች ጸሐፊዋ። «ዳኛው ግን አያዩትም።»

ዊላ እስክሪብቶውን ይዛ ቆመች። ስልክ አለ። ሽማግሌው ቤታቸው ናቸው። መደወልና መጠየቅ ትችላለች። አልደወለችም፤ እምቢ እንዳይሏት ፈራች። ሰባት ወሯን ማጣት አልፈለገችም። ሌላ ምክንያት የላትም፣ ኋላም ሌላ ምክንያት ልትፈጥርለት አልሞከረችም።

ኦርቪል ዳንከርት ብላ ጻፈች።

ጸሐፊዋ ማህተሙን መታች።

በደብተሩ የተነሳ የቲምበር ቁጥር ወደ አሥራ ዘጠኝ ወረደ። በየመስኮቱ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ፤ ገዢው እንደ ድሮው ሳያነብ ገዛ። ለስቴፈርድ ሌላ ኩባንያ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ ሰጠው። ካልኪንስ «ለቤተሰቤ ጊዜ ልስጥ» ብሎ ሥራውን ለቀቀ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚወድቁት ምንጣፍ ላይ ነው።

ኦርቪል በአምስተኛው ቀን ተባረሩ። ምስጢር አሳልፈው ሰጥተዋል ተብሎ የጡረታቸው ግማሽ ተያዘ።

በኅዳር ወር ቃላቸውን ሊሰጡ ላንሲንግ ተጠሩ። ዊላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ሌላ፣ ስሟም ሌላ ነው። እዚያ መገኘቷ ከደንብ ውጭ ነው። የብራኖክ ጠበቃ ሽማግሌውን ለስለስ ብሎ ያዛቸው። ደብተሩን ከግቢ ያወጣችውን ሴት ስም ከነገሩን ኩባንያው የጡረታዎን ነገር እንደገና ያየዋል አላቸው።

ኦርቪል ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አዙረው አስቀመጡ።

«የነገረችኝ ስም የራሷ አልነበረም» አሉ። «የውሸት ነገር ከፈለጋችሁ ደግሞ እናንተው ቤት ሞልቷል።»

አንዳንድ ሰው ሳቀ። ጠበቃው አልሳቀም።

«ቢያዩዋት ግን ያውቋታል?»

ሽማግሌው አዳራሹን ከፊት ጀምረው በዓይናቸው ለቀሙት። አንደኛውን ረድፍ። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ደረሱ።

ዓይናቸው እሷ ላይ ቆመ።

ዊላ ፊታቸው ላይ ቁጣ ብታይ ይቀላት ነበር። ያየችው ንቀት ነው፤ ስቴፈርድን የሚያዩበት ያው ዓይን ነበር።

«እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም» አሉና ወደ ጠበቃው ዞሩ።

ዕረፍት ሲባል ከሕዝቡ ጋር ወጣች። ኦርቪል ደረጃው ሥር አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። በአጠገባቸው አለፈች። ምስክር ማናገር ክልክል ነው። ባይከለከልም የምትለው አልነበራትም።