ቢራራ የገጠማቸው ባትሪዎች

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን ያቃተው እስራኤል፣ ሬሖቮት ይምጣና ውዱ የሚባለውን አጎቴን ዓይን ዓይኑን እያየ ይጠይቀው... እኔ ጠይቄዋለሁ።

ጊዜው በፈረንጅ 2006፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ልክ በቀትር ነው፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ። የአገራችን ሰው "በቀትር ብቻህን አትቁም" የሚለው ወዶ አይደለም።

አጎቴ ከቂርያት ዔቅሮን ወዲህ ያለ የብርቱካን እርሻ ጠባቂ ነው። ቤቱም እዚያው እርሻው ውስጥ ነው፤ የመብራት መስመር አይደርሰውም።

ሚስቱ ማናለሽ ሳንባዋን ታማ ነበር። ከጤና መድን ድርጅቷ ከቁፓት ሖሊም የተሰጣት የኦክስጅን መሣሪያ ካልሠራ ሌሊቱን አታነጋም። "ከተማ ግቢ" ብለው ቢለምኗት "ከቤቴ አልወጣም" አለች።

እና ቢራራ መጣ።

ቢራራና ውዱ በሱዳን በረሃ አንድ ኮዳ ውኃ ተካፍለው የመጡ ወንድማማቾች በሏቸው። ቢራራ እዚህ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኗል። ጠረጴዛ ስቦ ሁሉንም አሰበ። መሣሪያው ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት ይበላል፣ ሌሊቱን ሙሉ። ማቀዝቀዣው ይህን ያህል፣ አምፖሎቹ ይህን ያህል። ጣሪያው ላይ ስንት የፀሐይ ሰሌዳ፣ ጓዳ ውስጥ ስንት ባትሪ...

"ፀሐይ ሦስት ቀን ብትጠፋ እንኳ ባትሪዎቹ ይችላሉ" አለው። "አዲስ ናቸው። ማናለሽ እህቴ አይደለችም እንዴ?"

ውዱ አመነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

አንድ ቀን ደመነ። አንድ ቀን ብቻ!

ሊነጋ ሲል መሣሪያው ቀጥ አለ... ውዱ መኪና እስኪያገኝ ማናለሽ አልቆየችለትም።

ቢራራ የለቅሶውን ሰባት ቀን ከጎኑ አልተነሳም። እጁን ይዞ "ደመናው ነው ወንድሜ፣ የፈጣሪ ሥራ ነው" እያለ ያለቅስ ነበር። መሣሪያውን ከቁፓት ሖሊም መጥተው ወሰዱት።

ያ ቀትር የመጣው ከወር በኋላ ነው።

ውዱ ማቀዝቀዣውን ሊያጥብ ነቀለው። የበራ መብራት የለም። ጓዳ ገባና ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል የምታሳየዋን ትንሽ የቁጥር መስኮት አየ።

350።

ዜሮ መሆን ነበረበት...

ዓይኑን አሽቶ እንደገና አየ፤ ያው መሣሪያው ይበላው የነበረው ቁጥር። 350። ቤቱን ዞረ፤ አንድም የተሰካ ነገር የለም። ስልኩን አነሳ።

"ቢራራ... ና እስቲ።"

"ምን ሆንክ?"

"ባትሪው የሆነ ነገር እየመገበ ነው።"

ቢራራ ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል ሥራ ላይ ነበር፤ ወዲያው ደረሰ። እየሳቀ ገባ። "ቆጣሪው ተበላሽቶ ነው፣ ቤሰደር፣ እሺ?" አለ። ሲያየው ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

የሰሌዳዎቹን ሽቦ ፈታ። 350።

የባትሪዎቹን ሽቦ ፈታ። መስኮቷ ራሷ መጥፋት ነበረባት... አልጠፋችም።

ከዚያ የኦክስጅን መሣሪያው ድምፅ ተሰማ። ሽሽሽ... ኩፍ። ሽሽሽ... ኩፍ።

ከማናለሽ መኝታ ክፍል ነው።

"ትሰማለህ?" አለ ውዱ በሹክሹክታ።

ቢራራ ተንበረከከ። የተናገረው ግን ለውዱ አይደለም፤ ለክፍሉ በር ነው።

"ማናለሽ... ማሪኝ። አሮጌ መሆናቸውን አውቅ ነበር።"

"ምን አልክ አንተ?"

"አዲሶቹን ነስ ጺዮና ላለ ደንበኛ ገጠምኳቸው። ላንተ ከዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የወጡትን... ቀለም ቀብቼ። በኋላ እተካለሁ ብዬ ነበር፣ እምልልሃለሁ፣ እተካለሁ ብዬ..."

ውዱን ፍርሃቱ ጥሎት ሄደ። ሚስቱን የገደለበት ሰው ሰባት ቀን ሙሉ እጁን ይዞ ማልቀሱ ነው ሆዱን ያቃጠለው።

"ውጣ" አለው። "ከቤቴ ውጣልኝ!"

ቢራራ ተነስቶ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረ።

በሁለቱም ጉንጮቹ ላይ፣ ከአፍንጫው ሥር እስከ ጆሮው፣ ቀጭን የሰረጎደ መስመር ነበረበት። ሌሊቱን የኦክስጅን ቱቦ አስሮ ያደረ ሰው ፊት ላይ የሚቀረው ምልክት... ውዱ በየጠዋቱ ለማናለሽ በጣቱ ያሽላት የነበረው።

ቢራራ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

የመኝታ ክፍሉ ድምፅ ቀጥ ያለው ያኔ ነው፤ የቢራራም ትንፋሽ አብሮ...