ስማቸው የተሸፈነ ሦስት ጠመንጃዎች

ደሳለኝ ሦስቱን ጠመንጃዎች በተኩስ መለማመጃው ጠረጴዛ ላይ ሲደረድር አንዱ ከእጁ ሊያመልጠው ነበር። ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ፈትቶ ለሚገጥም ሰው ይህ ነውር ነው፤ ግን ፍቅር የያዘው ሰው ምን ነውር ያውቃል!

ብሩክታይት ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ እስከ ጎረቤቷ አሌክሳንድርያ መኪና የነዳችው አዲስ ጠመንጃ ልትመርጥ ነው። ለአደን አይደለም። ጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት አስደግፈው፣ አምስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ ለማሳለፍ የሚወዳደሩባት ትንሿ፣ ሃያ ሁለት ካሊበር የሚሏት ጠመንጃ ናት። በዚህ ውድድር ባሏን ምናሴን የሚያህል አልነበረም። ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው፤ እሷ ግን እስካሁን የምትተኩሰው በእሱ ጠመንጃ ነው።

ደሳለኝ ላግባሽ ያላት ቀን፣ «የእሱን ጠመንጃ የሚበልጥ ካገኘህልኝ እሺ» ብላው ነበር። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሙት አይወቀስም ይባላል እንጂ፣ ደሳለኝ ምናሴን በሆዱ ስንቴ ወቅሶታል። በመጨረሻ ግን ፊት ለፊት ይለይልኝ አለና፣ ለጽዳት የሰጠችውን የሟቹን ጠመንጃ ሰደፉን ቀይሮ፣ ሳይነግራት ከሁለቱ አዲሶች ጋር ቀላቀለው። በላያቸው የተቀረጸውን የሦስቱንም የፋብሪካ ስም በፕላስተር ሸፈነ።

«ስማቸውን ምን አደረግከው?» አለችው።

«ስምና ዋጋ ዓይን ያታልላል። ወረቀቱ ይፍረድ። ጥይቱንም ለየራሳቸው ቴስት አድርጌ ነው ያመጣሁት። ሃያ ሁለት እኮ እንደ ሙሽራ እናት ነው፤ አንዱን ጥይት ይወዳል፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጣውን ሌላውን ዓይንህን ላፈር ይለዋል።»

ፈገግ አለች። ደሳለኝ ለዚያች ፈገግታ ሲል ሌላ ሦስት ጠመንጃ ይሸከም ነበር።

የሥራ ቀን ጠዋት ስለሆነ መለማመጃው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። የመጀመሪያው ጠመንጃ ጥይቶቹን በታተናቸው። የሁለተኛው አምስት ቀዳዳዎች እንደ ምስር ፍሬ ተጠጋጉ። ሦስተኛውን ጉንጯ ላይ ስታስጠጋ ጣቷ ቃታው ላይ ቆመ። ደሳለኝ በግራዋ ካለው ባዶ ወንበር ሰው ትንፋሹን ሲውጥ የሰማ መሰለው።

አምስት ጊዜ ተኮሰች። ወረቀቱ በሽቦው እየተጎተተ መጣ። መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበር።

«ደብቄሽ ነው» አለ ደሳለኝ። «የምናሴ ነው። አሸነፈኝ።»

«አውቄዋለሁ፤ ቃታውን እንደነካሁ።» ፊቷ አመድ መስሏል። «ደሳለኝ፣ እኔ እኮ መሃሉን አላነጣጠርኩም። እንዲሸነፍ ብዬ የወረቀቱን ጥግ ነበር ያነጣጠርኩት። አምስቱንም!»

ጥጉ ንጹሕ ነበር። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነፅር ተዛብቶ ይሆናል ብሎ ራሱ ተቀመጠና ጥጉን አነጣጥሮ ተኮሰ። ጥይቱ ጥጉን በሳው። ጠመንጃው ምንም አልሆነም። የደሳለኝ ፀጉር ቆመ።

ብሩክታይት ወደ ባዶው ወንበር ዞረች። «በቃ፣ ምናሴ» አለች በለሆሳስ። «በልጠሃል። ማን ካደህ?»

ወንበሩ ከላዩ ሰው የተነሳ ይመስል ሲጥ አለ። ሁለቱም አልተነቃነቁም።

ከዚያ ሁለተኛውን ጠመንጃ አንስታ ፕላስተሩን ላጠች። «ይሄን ነው የምወስደው።»

«እሱ እኮ ያንሳል።»

«እንደሚያንስ አይቼ ነው የመረጥኩት።» ዓይኑን ትክ ብላ አየችው። «አንተስ? እሱ ይበልጥ ነበር ከምትል ሴት ጋር መኖር ትችላለህ? ዋሽተህ እንዳታገባኝ።»

ቅናት ደሳለኝን እንደ እሾህ ወጋው፤ ልዋሽ ቢልም አንደበቱ እምቢ አለው።

«አንዳንድ ቀን ያመኛል» አላት።

«ሲያምህ ንገረኝ።»

«እነግርሻለሁ።»

እጇን ሰጠችው። በረዶ ነበር። እስኪሞቅ ድረስ አልለቀቀውም።